የሚያጥበው ሻይና የሰይድ ምሳ

ጾም በገባ ቁጥር ሰው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ጉበቱ በየትኛው ጎኑ እንዳለ ጠይቆ የማያውቅ ሰው፣ የመጀመሪያዋን የሽሮ ጉርሻ እንደዋጠ ስለ ጉበት ዕረፍት ያስተምራችኋል። አንዱ ደም ያጠራል ይላል። ሌላው ስብ ያቀልጣል ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ፈረንጆቹ ራሳቸው ደረሱበት ብሎ ክርክሩን ይዘጋዋል። ፈረንጅ ከደረሰበትማ ምን ይባላል? አያቶቻችን ለካ ፈረንጅ እስኪደርስበት ድረስ ዝም ብለው ነበር የሚጾሙት።

እኔ ይሄ ነገር ሁልጊዜ ቅር ይለኛል። የምጾመው ለጉበቴ ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ምን ያደክመኛል? ጉበቴ እንደሆነ የትም ብሄድ አብሮኝ ነው። ጾም ከፈጣሪ ጋር የሚደረግ ነገር ነው ብዬ ነው የማምነው። ሰውነት በመሃል ከተጠቀመ ምርቃት ነው፤ እሰየው። ግን ምርቃቱን ዋና ዕቃ አድርጎ መሸጥ አይገባኝም። ነጋዴ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ፤ ስለ ምርቃቱ ብዙ የሚያወራ ሻጭ ዕቃው ላይ ጥርጣሬ አለው ማለት ነው።

ንግዴም ያን ያህል የሚወራለት አይደለም። ሐይቅ ከተማ፣ ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚያልፈው መንገድ ዳር፣ ሚስማርና ቀለም፣ ማጠፊያና ቁልፍ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ከጎኔ ሰይድ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል። የሚለየን አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው፤ እሱም ቢሆን ብዙ አይለየንም፤ ሰይድ ሲያስነጥሰው «ይማርህ» የምለው ከራሴ ወንበር ሳልነሣ ነው። አብረን አደግን፣ አብረን ሱቅ ከፈትን፣ አሁን ደግሞ አብረን መነጽር ማድረግ ጀምረናል።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው ሁዳዴና ረመዳን ተከታትለው በገቡበት ዓመት ነው። በእኛ አገር እንዲህ ሲሆን ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው አይገባውም። ከተማው ባንድ ጊዜ አፉን ይዘጋል። ምግብ ቤቶች ቀን ቀን ወንበራቸውን ጠረጴዛ ላይ ገልብጠው ይውላሉ። የባጃጅ ሾፌሮች ከሰዓት በኋላ ሲጋጩ ጠቡን በአጭሩ ጨርሰው፣ ዋናውን ስድብ ለማታ ያቆዩታል። ገበያተኛውም ዋጋ ብዙ አይከራከርም፤ ምራቁን ይቆጥባል። እኔ እንግዲህ በዚያ ሰሞን ያለሁበትን ሰላም በሌላ ጊዜ አግኝቼው አላውቅም።

ሰላም ያጣው ሰይድ ነው። ስኳር ካለበት ቆይቷል። ድሮ በኪኒን ነበር፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ጠዋትና ማታ ራሱን መርፌ መውጋት ጀምሯል። ረመዳኑ ሊገባ ሲል ለክትትል ሄደ፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ በመርፌ ላይ ሆኖ መጾም እንደሌለበት፣ ምግቡንም በሰዓቱ መብላት እንዳለበት ነገረው። ሰይድ ይሄን የነገረኝ ሰው የሞተበት መርዶ እንደሚያረዳ ሆኖ ነው። እኔም ለማጽናናት ብዬ፣ ሐኪም አዝዞለት ምሳ የሚበላ ሰው በመላው ከተማ አንተ ብቻ ነህ አልኩት። አልሳቀም። ጨርቁን ጠቅልሎ ሲጨርስ መልሶ ፈታው፤ ፈትቶም እንደገና ጠቀለለው።

የባለቤቴ የአስካለ ታናሽ ወንድም ቢኒያም ከአዲስ አበባ የመጣው በዚሁ ሳምንት ነው። ቢኒያም ጥሩ ልጅ ነው፤ ችግሩ የሚያምነውን ነገር ወዲያው መሸጥ ይጀምራል። ከዚህ በፊት የሚያስተኛ ትራስ ሸጦልናል። ዘንድሮ ይዞ የመጣው በአረንጓዴ ፓኮ የታሸገ ሻይ ነው። ፓኮው ላይ አንዲት ቀጭን ሴት በራሷ ሆድ ተደንቃ ቁልቁል ታየዋለች። ስሙን ዲቶክስ ነው አለን። ሰውነት ውስጥ የተጠራቀመ መርዝ ጠራርጎ ያወጣል። እሱ ራሱ እየወሰደው ስለነበር ምግብ የሚባል አልቀመሰም፤ ሻዩንና አንድ አረንጓዴ ውሃ ብቻ እየጠጣ ሶፋችን ላይ ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይሄ ልጅ ሁዳዴን መጾም ካቆመ ቆይቷል። ለምን ሲባል ጨጓራዬ አይችልም ይላል። ትንሽ ከቆየሁ ይቃጠላል፣ ሐኪምም ከልክሎኛል እያለ አስካለን ሲያስለቅሳት ኖሯል። ለእግዚአብሔር እስከ ቀትር መቆየት ያቃተው ጨጓራ፣ ለሻዩ ግን ቀናት ሙሉ ባዶውን ይቆያል! ይሄንኑ ብለው በጣም አዘነልኝ። የጾሙ ረሃብ ነው፣ ይሄኛው ግን መጽዳት ነው አለኝ። መርዙ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩት። ቶክሲን ነው አለ። ቶክሲን ምንድን ነው አልኩት። መርዝ ነው አለ። ከየት ይመጣል ስለው ከምግብም፣ ከአየርም፣ ከክፉ ሐሳብም አለኝ። ሲወጣ ይታያል ወይ ብዬ ጨምሬ ጠየቅኩት። መታየቱን እንጃ፣ ግን ይሰማሃል አለኝ። በዚህ በዚህስ አልዋሸም።

እኔ እንዴት ጠጣሁት? በአስካለ ምክንያት ነው። ወንድሟ ከዚያ ድረስ ተሸክሞ መጥቶ ከቤታችን አንድ ሰው እንኳ ሳይቀምስለት ቢመለስ ሞራሉ ይነካል አለች። ታዲያ አንቺ አትቀምሽለትም ስላት፣ እኔ ምን መርዝ አለብኝ ብላ መለሰችልኝ። በአንድ ትዳር ውስጥ መርዝ ካለ በማን በኩል እንዳለ የተወሰነው ያን ጊዜ ነው። ማታ ከራት በኋላ አንድ ኩባያ ጠጣሁ። ጣዕሙ ዝናብ የመታው ድርቆሽ ይመስላል። ጠዋት ስነሣ ምንም የለም። ሱቄን ከፍቼ አረፈድኩ፤ ምንም የለም። ሆዴን እየደባበስኩ በዘመናዊነት ላይ ሳቅኩና ወደ ቅዳሴ ሄድኩ።

ሁዳዴ ውስጥ ቅዳሴው ቀትር ላይ እንደሚገባ ታውቃላችሁ። ሰው ይበዛል፣ ግቢው ይሞላል። ወንጌሉ ተነቦ፣ ሕዝቡ ጸጥ ብሎ፣ ዲያቆኑ ገና አንዱን ቃል ሳይጨርስ፣ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ከባድ ዕቃ እንደጫነ መኪና ማርሽ ቀየረ። አጠገቤ የቆሙት ሽማግሌ ዞር ብለው አዩኝ። እኔም ዞር ብዬ ከኋላዬ ያለውን ሰው አየሁት። ይሄ ዘዴ ለአንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። ሁለተኛው ሲመጣ ቶክሲኑ የማይለምን፣ የማይደራደር ነገር መሆኑን ተረዳሁ።

ከቅዳሴ መሃል መውጣት ነውር ነው። ግን ከእሱ የባሰ ነውር እየመጣ ስለነበር ወጣሁ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ፣ በሴቶች በኩል አቋርጬ፣ በር ላይ ከተከመረው ጫማ መሃል በእግሬ የገባልኝን አጥልቄ፣ ከቅጥሩ ውጭ እስካለችው ቆርቆሮ ቤት ድረስ ሮጥኩ ልበል? ሩጫ አይባልም። ጉልበት ከጉልበት ሳይላቀቅ የሚደረግ ፈጣን ነገር ነው። ስመለስ ቅዳሴው አልቋል። የዕድራችን ሊቀመንበር በሩ ላይ በአንድ እግሩ ጫማ አድርጎ በአንዱ ባዶውን ቆሟል፤ ለካ አንዱን ጫማዬን ትቼ የእሱን አንድ አድርጌ ነው የሄድኩት። ከሁሉ የገረመኝ ግን የአስካለ ጓደኛ ናት። ፊቴ በላብ ርሶ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ስወጣ አይታኝ ኖሮ፣ ንስሐ እንዲህ ሲገባ አይቼ አላውቅም ብላ ማታ ቤታችን ድረስ መጥታ ለአስካለ ነገረቻት።

በማግስቱ ይሄን ለሰይድ አወራሁለት። ረመዳኑ ሊገባ አንድ ሁለት ቀን ነው የቀረው። ከዚያ መርዶ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ሊቀመንበሩ በአንድ እግር መቆሙ ላይ ስደርስ መዘርጊያው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ዓይኑን ጠርጎ ሲጨርስ፣ ልጁ ስለ ሻዩ ሌላ ምን ይላል ብሎ ጠየቀኝ። እኔም በጨዋታዬ ቀጥዬ፣ ምን የማይለው አለ፣ ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ሳይቀር ጠርጎ ያወጣል ይላል አልኩት። ሰይድ «አጂብ» አለና ሜትሩን አንሥቶ ማንም ያላዘዘውን ጨርቅ መለካት ጀመረ። እኔም ወደ ሚስማሬ ተመለስኩ።

ሰይድ ያን ቀን ማታ ቢኒያም ዘንድ መሄዱን የሰማሁት በኋላ ነው። ሻዩን ገዝቶ፣ ይሄን እየጠጡ መርፌውን መተው ይቻላል ወይ ብሎ ጠይቆታል። ቢኒያምም ይቻላል አላለውም፤ አይቻልምም አላለውም። «ይሄን ጠጥቶ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ትቷል» ነው ያለው። እንዲህ ያለ ንግግር የሻጭ ንግግር ነው፤ ማንንም አይዋሽም፣ ማንንም አያድንም። በማግስቱ ቢኒያም የተረፈውን ካርቶን ይዞ አዲስ አበባ ገባ።

ረመዳን ገባ። ሰይድ ፊቱ በራ። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ሰላምታው ከሩቅ ይሰማል። ዙሁር ሲደርስ ቀድሞ መስጊድ ይሄዳል። ምሳ አለመብላቱን አይቼ፣ ሐኪሙ ፈቀደልህ እንዴ አልኩት። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለኝ። የጠየቅኩት ሌላ፣ የመለሰው ሌላ መሆኑን ያኔ ልብ አላልኩም። ደስ ያለው ሰው ሲያጋጥመን መቼ እንመረምራለን?

በሳምንቱ ለውጫሌ ገበያ አብረን ወጣን። ሁልጊዜም እንዲያ ነው፤ እሱ ጣቃውን፣ እኔ ማጠፊያና ሰንሰለቴን ይዘን ጎን ለጎን እንዘረጋለን። ያን ቀን ሰይድ ፀሐዩ ገና ሳይበረታ ከንፈሩ ደርቋል። እየደጋገመ እየተነሣ ወደ ጀርባ ይሄዳል። አንዲት ሴት ለልጇ ቀሚስ ስትለካ፣ ክንዱን ዘርግቶ መለካት ጀምሮ መሃል ላይ ረሳው፤ ሴትዮዋ ናት አስታውሳ ያስጨረሰችው። ጾም ነው ብዬ ተውኩት። እኔም እንደሱ ባዶ ሆዴን ነኛ፤ ሁለታችንም ደርቀናል፣ ሁለታችንም ቀልባችን የለም። ማን ማንን ይታዘባል?

ወደ ሐይቅ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠ። ውጫሌን ትንሽ እንዳለፍን ትንፋሹ ተቀየረ። መኪናው ቁልቁል እየወረደ ሰይድ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ያለከልካል። ትንፋሹ ከልክ በላይ የበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል። ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ ጣለው። ያኔ ነው የደነገጥኩት፤ ሰይድ በልጅነታችን እንኳ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ አያውቅም። መርፌህን ዛሬ ተወግተሃል ወይ ብዬ ጆሮው ላይ ጠየቅኩት። 

«ትቼዋለሁ» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ሻዩን እየጠጣሁ ነው።»

ነገሩን ለሾፌሩ ጮክ ብዬ ነገርኩት። ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ከዘምቢሏ የታሸገ ውሃ አውጥታ ሰጠችኝ። ወደ አፉ ሳስጠጋለት ሰይድ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጾመኛ ነኝ አለ። ሐኪም እንደከለከለው፣ እሱ ላይ ጾም እንደሌለበት፣ ውሃው ባያድነው እንኳ እንደማይጎዳው ነገርኩት። አልሰማኝም። እኔማ ክርስቲያን ነኝ፣ ረመዳን ውስጥ ሰው ላስፈጥር የምደክም ክርስቲያን፤ ምን ብዬ ላሳምነው? ከኋላ ወንበር ላይ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እየተደገፉ መጡና ውሃውን ከእጄ ተቀበሉኝ።

«ልጄ፣ ጠጣ» አሉት። «ነገ የሚጠየቅ ካለ እኔ እጠየቅበታለሁ።»

ሰይድ ዓይኑን ገልጦ አያቸው። ከዚያ ጠጣ፤ ግማሹ እኔ ላይ ፈሰሰ።

ሾፌሩ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ለማንም አልቆመም። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ መንገድ ዳር የቆመውን ተሳፋሪ «አለፈ! አለፈ!» እያለ ሲያባርር ሰማሁ። ረዳት ሰው አልጭንም ሲል የሰማሁት በዕድሜዬ ያን ጊዜ ብቻ ነው። መውረጃቸው ያለፈባቸው ሰዎች ነበሩ፤ አንድም ሰው ወራጅ አላለም። ሁላችንም ተያይዘን ሆስፒታሉ በር ላይ ወረድን፤ ሽማግሌውና ውሃ የሰጠችው ሴት ሰይድ ወደ ውስጥ እስኪገባ ቆመው ጠብቀው፣ ከዚያ በባጃጅ ወደ መጡበት ተመለሱ።

ሐኪሙ ያው የሰይድ ሐኪም ነው፤ ወጣት ነው፣ ደክሞታል። ስኳሩ ከልክ በላይ ወጥቶ ደሙ መመረዝ እንደጀመረ ነገረኝ። መርዝ የሚለውን ቃል ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚመለከተው ሰው አፍ ሰማሁት። ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ አለና ቀሪውን ሳይጨርስ መድኃኒቱ ወደተሰቀለበት ዘወር አለ። ስለ ሻዩ ጠየቅኩት። ይሄ ሻይ የሚያጥበው አንጀትን ነው፣ ስኳሩ ደግሞ ያለው ደም ውስጥ ነው፣ አንጀቱን ሲያጥብ ይባስ ውሃውን ጨረሰበት አለኝ። ሰው ሲፈጠር ኩላሊትና ጉበት የሚባሉ አጣቢዎች አብረውት ተፈጥረዋል፣ ሌላ አጣቢ መቅጠር አያስፈልግም አለ። ታዲያ ይሄን ለምን ቀድመህ አልነገርከንም እንዳልለው፣ አትጹም ብሎ ቀድሞም ነግሮታል።

በነጋታው ሰይድ ነቃ። ሚስቱ ዘይነባ አጠገቡ ተቀምጣ አልተናገረችውም፤ ተቆጥታለች። ለእኔ ብቻ ነው የምታወራው፤ ጓደኛህ ውሃ ይፈልግ እንደሆን ጠይቀው፣ ጓደኛህ ትራሱ ይመቸው እንደሆን ጠይቀው ትለኛለች። ለአፍታ ስትወጣ ጠብቄ፣ ለቀልድ የሚሆን ነገር በሐሳቤ ስፈልግ፣ ቀድሞ እሱ ተናገረ።

«ጤና ፈልጌ መሰለህ የጠጣሁት?» አለኝ። «ቤቴ ሁሉም ለሱሑር ሲነሣ፣ ድስቱ ሲንኳኳ፣ ልጆቹ ሲንሾካሾኩ፣ እኔ እንደ ሕፃን ተኝቼ መስማት አቃተኝ።»

ቀልዱን ፈልጌ አጣሁት። እንግዲህ እኔ ጾም ለነፍስ ነው፣ የሰውነት ጥቅም ምርቃት ነው እያልኩ የምፈላሰፈው ሰው፣ ሰውነቱ ራሱ አትጹም ያለው ሰው ነፍሱን የት ያድርጋት የሚለውን አስቤው አላውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሰፈራቸው ሸሕ ሊጠይቁት መጡ። ዘይነባ ናት የላከችባቸው። ብዙ አልገሠጹትም። ለታመመ ሰው የተፈቀደውን ነገሩት፤ ለማይድን ሕመም ደግሞ በየቀኑ አንድ ድሃ ማብላት እንዳለ፣ እሱም በዚያ እንደሚካስ አስረዱት። ሰይድ አንገቱን ደፍቶ፣ ይሄ ሁሉ ገብቶኛል፣ ግን ራሴን እንደ ሰነፍ ቆጠርኩት አለ። ሸሑ ጫማቸውን እያጠለቁ ነው የመለሱለት።

«ያዘዘውም እሱ ነው፣ የፈቀደውም እሱ ነው። ሲያዝህ እሺ ብለህ ሲፈቅድልህ እምቢ ካልክ፣ የምትታዘዘው ለማን ነው?»

ከሆስፒታል ወጣ። መርፌውን ጀመረ። አሁን የቀረው ምሳ ነው። ምሳ ቀላል ነገር ይመስላችኋል? ሙሉ ከተማ በሚጾምበት ወር፣ የሚታወቅ የጨርቅ ነጋዴ፣ ስሙ ሰይድ የሆነ ሰው፣ እኩለ ቀን ላይ የት ሄዶ ይበላል? ቤቱ እንዳይበላ ልጆቹ አሉ። ምግብ ቤት እንዳይገባ ሰው ያየዋል። አንድ ቀን መቀስ ልዋስ ብዬ ሱቁ ስገባ ከጣቃዎቹ ጀርባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። ደረቅ ዳቦ ያላምጣል። ስገባ ማላመጡን አቁሞ ጉንጩን እንደሞላ ዝም ብሎ ቆመ። መቀሱን ሳልዋስ ወጣሁ።

ለአስካለ ነገርኳት። ወንድሟ ያመጣው ነገር ሆዷ ውስጥ ገብቶ ስላቃጠላት ለመወሰን ጊዜ አልፈጀባትም። ከነገ ጀምሮ እዚህ ይበላል አለች። የእኛ ቤት ደግሞ ሁዳዴ ነው፤ ሥጋው ምን ዓይነት ሥጋ ነው የሚል ጥያቄ የለም። ምስር ነው፣ ጎመን ነው፣ ፎሶልያ ነው። ዘይነባን ሐኪሙ ያዘዘውን ጠይቃ፣ እንጀራውን በመጠኑ ቆርሳ፣ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ታቀርብለታለች። ሲጨምር ካየች ሳህኑን ታነሣበታለች።

ችግሩ ያለው እኔ ጋ ነው። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጿሚ ነኝ። አስካለ ደግሞ እንግዳ ብቻውን አይበላም፣ ተቀመጥ አለችኝ። ቅዳሴ በማልሄድበት ቀን ሁሉ፣ ሰይድ ነጭ ሽንኩርት የገባበትን ምስር እየጠቀለለ፣ እኔ ፊት ለፊቱ ባዶ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። የመጀመሪያው ቀን እሱም ጨነቀው፤ ጉርሻውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። ከራሱ ጾመኞች ሸሽቶ መጥቶ የሌላ ጾመኛ ፊት እንደወደቀ ያኔ ገባው። ቆይ ዞሬ ልብላ ብሎ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ሊያዞር ሲል አስካለ ከጓዳ ሆና፣ በዚህ ቤት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚበላ ሰው የለም አለችው። ወንበሩን መለሰ። በላ። እኔም አስካለ ስበላ እንደምታየኝ ሆኜ አየሁት፤ ከዚያ በኋላ ለመድነው። እያደር እንደውም ጨው አነሰው፣ በዛበት እያለ አስተያየት ይሰጠኝ ጀመር።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እኔ እበላለሁ። አስካለ ሰው ሲበላ እያየ የዋለ ሰው አሳዝኗት፣ ከወትሮው ጨመር ታደርግልኛለች። መግሪብ ሲቃረብ ደግሞ ዘይነባ ትጠራኛለች። ባሏ ቀን እኛ ቤት ከበላ እኔ ማታ እሷ ቤት አለማፍጠሬ ነውር ነው፤ በዚህ ላይ ለእኔ ብላ ሾርባውን ያለ ሥጋ በሌላ ድስት ጥዳልኛለች። እንዴት እምቢ ይባላል? ተምሩ ይመጣል። የምስር ሳንቡሳው ከነዘይቱ እየጨሰ ይመጣል። ለሰይድ ሳንቡሳ ክልክል ነው፤ ታዲያ የእሱ ድርሻ ይጣል? ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ወጥቼ ቤቴ ስገባ አስካለ ራት አቅርባ ትጠብቀኛለች፤ እዚያ በልቻለሁ ብላት ምን ልትል እንደምትችል ያገባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ቢኒያም ነገሩን በስልክ ሰማ። በሳምንቱ መጨረሻ ማንም ሳይጠራው መጣ። ሰይድ ቤት ገብቶ ደጃፉ አጠገብ ተቀመጠና ከምንጣፉ ላይ የሌለ ክር ሲለቅም ቆየ። ሰይድ ነው ያተረፈው፤ «አብሽር፣ እኔ ራሴ ፈልጌ ነው የጠጣሁት» ብሎት ከጎኑ አስቀመጠው። ልጁ ያን ቀን ከእኛ ጋር ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ጾመ። ጨጓራው ምንም አላለም። አስካለም አይታ ምስር ጨመረችለት።

ዒድ አለፈ፤ የእኛው ሁዳዴ ገና አላለቀም። ሰይድ ለክትትል ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ሐኪሙ የደም ምርመራውን አይቶ ደስ አለው። ስኳሩ ለብዙ ጊዜ እንዲህ ረግቶ አያውቅም፣ ምን እየበላህ ነው አለው። ሰይድ የአስካለን ምስር እስከ ነጭ ሽንኩርቱ ዘረዘረለት። ከዚያ ግፊትና ኪሎ ተለክታችሁ ኑ ብሎ ወደሚቀጥለው ክፍል ላከን። እዚያ ያለችው ሲስተር ለቦታው አዲስ ናት፤ ካርዱንም ገልጣ አላየችም። ሰይድ ሚዛኑ ላይ ወጣ፤ ኪሎው ቀንሷል። ግፊቱም ጥሩ ነው። እርስዎም መጥተው የለ፣ ይለኩ አለችኝ። ወጣሁ። ሲስተሯ ሚዛኑን ጎንበስ ብላ አየች፣ ይውረዱ ብላ አስወርዳ እንደገና ይውጡ አለችኝ። ግፊቴን ለካች፤ እሱንም ደገመችው።

ከዚያ ስሙን ሰምታ ነው መሰለኝ ወደ ሰይድ ዞር አለችና፣ ረመዳኑ በጣም ተስማምቶዎታል፣ እንዲህ በሥርዓት የጾመ ሰው ከሰውነቱ ያስታውቃል አለችው።  እሷም ወደ እኔ መለስ ብላ፣ እንዳላፍር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መከረችኝ።

«አባባ፣ እርስዎም ካልከበደዎት እንደ ወንድምዎ ትንሽ ጾም ቢሞክሩ።»

ሰይድን አየሁት። ሰይድ ጣራውን አየ። ከዚያም በታላቅ ትሕትና፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መለሰላት።

«ልክ ነሽ ልጄ። እኔም ሁልጊዜ እመክረዋለሁ።»